ቁልፍ ሠሪው ከክፍት በር ውጭ

እንግዳወርቅ በአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያና በዙሪያዋ ያልከፈተው በር የለም ማለት ይቻላል። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በፒጃማ ደጅ የቀረ፣ ሞተሩ እየሠራ መኪናው የተቆለፈበት፣ ከባሏ ተጣልታ የበሩን ቁልፍ ለመቀየር የቸኮለች፣ ሁሉም የሚደውለው ለእሱ ነው። በቫኑ ከች ይላል፤ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ቁልፉ ጠጋ ያደርጋል፤ በሩም ብዙ ሳያስለምን ይከፈታል። ባለቤቶቹ አፋቸውን ይዘው ሲያዩት እሱ ፈገግ ብሎ መሣሪያውን ይሰበስባል።

ታዲያ ይኸው ሰው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የዊልሰንን ድልድይ ተሻግሮ፣ በቤልትዌዩ አውራ ጎዳና ዞሮ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይወጣና ወለል ብሎ በተከፈተ በር ፊት ታጣፊ ወንበር ዘርግቶ ኮሪደሩ ላይ ይቀመጣል። አይገባም። ከውስጥ ታላቅ እህቱ ትብለጥ በዊልቸር ላይ ሆና ታየዋለች። ከውጭ እሱ ያያታል። ጎረቤቶች መጀመሪያ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይዞ የሚጠብቅ ሰው መስሏቸው ነበር፤ የሕንፃው ኃላፊ ደግሞ ኮሪደር ላይ ወንበር መዘርጋት ክልክል ነው እያለ ሁለት ሦስቴ ሊያስነሣው ሞክሯል። እንግዳወርቅ በትሕትና ይቅርታ ይጠይቃል፣ ወንበሩን ያጥፋል፣ ሰውዬው አሳንሰር ውስጥ ሲገባ መልሶ ይዘረጋል።

እንዲህ ያለውን ግትር ሰው ምን አሰረው? ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል።

እንግዳወርቅን ያሳደገችው ትብለጥ ናት። ደብረ ታቦር ሳሉ እናታቸው ገበያ ውለው ማታ ነበር የሚገቡት፤ እሱን አጥባ፣ አብልታ፣ ጆሮውን ቆንጥጣ ትምህርት ቤት የምታደርሰው እህቱ ነበረች። የጫማውን ማሰሪያ ራሴ ካላሰርኩ ብሎ ያለቅሳል፤ ሲያስር ደግሞ አጥብቆ፣ ደራርቦ፣ ማንም እንዳይነካው አድርጎ ነው። ማታ መፍቻው ይጠፋዋል። ትብለጥ ተንበርክካ፣ እየተራገመች፣ በጥፍሯ ፈልቅቃ ትፈታለታለች። ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ስትመጣም ሰላም አላገኘችም፤ ፕሮሰሱን ጀምራ እሱን እስክታመጣ ድረስ እህል አልበላልሽም አላት። ሲመጣ ሳሎኗ ውስጥ አስተኛችው፣ ፓርኪንግ ሥራ አገኘችለት፣ ሚስት ሲያገባም ሚስት ሲፈታም አብራው ነበረች።

እናታቸው ያረፉ ጊዜ ስልኩ የተደወለው ለእንግዳወርቅ ነው። ትብለጥ በዚያው ሳምንት የሐሞት ጠጠር ኦፕሬሽን ልታደርግ ቀጠሮ ይዛለች፣ ደም ብዛቷም አልወርድ ብሏል። በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ማልዶ በር አንኳኩቶ፣ ሐዘንተኛውን ከብቦ ይዞ ነው መርዶ የሚነገረው። እንግዳወርቅ ኦፕሬሽኑ ይለፍ አለ። አለፈ። ትንሽ ታገግም አለ። አገገመች። ከዚያ የልጇ የሳሌም ሠርግ ደረሰ፤ አዳራሹ ተይዟል፣ ካርዱ ተበትኗል። ዘመዶች ሁሉ «ሠርጉ ይለፍና እናረዳታለን፣ ይህቺን አንድ ደስታዋን አታጥፋባት» አሉት። እሺ አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ማንም ቢሆን እንደዚያው ያደርግ ነበር።

በሠርጉ ዕለት ትብለጥ እንደ ልጃገረድ ጨፈረች። አሥር ጊዜ ተቀመጪ ስትባል አሥር ጊዜ ተነሣች። ካጨበጨበላት ሰው ግማሹ እናቷ መሞታቸውን ያውቃል፤ እንግዳወርቅ ራሱ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ አብሯት እስክስታ ወርዷል። መርዶው ለሚመጣው ቅዳሜ ማለዳ ተቀጠረ። እሷ ግን ሐሙስ ዕለት እንጀራ ልትገዛ ታኮማ ፓርክ አንድ ሱቅ ጎራ ስትል፣ መርዶው እንዳልተነገረ ያላወቀች አንዲት ሴት እቅፍ አድርጋ «እግዜር ያጽናሽ» አለቻት።

ቀኑን ስታሰላው የባሰ ሆነ። ሠርጉ የዋለው በእናቷ የአርባ ቀን መታሰቢያ ላይ ነበር። አገር ቤት ካህናቱ ለእናቷ ሲጸልዩ እሷ አዳራሽ መሐል እስክስታ ትወርድ ነበር፤ ያ ሁሉ ሰውም እያወቀ አይቷታል። እንግዳወርቅ ሊያስረዳ እየሮጠ መጣ። እሷ ደጃፉ ላይ ቆመች፣ አላስገባችውም።

«በሰው ሁሉ ፊት መሳቂያ አደረግኸኝ» አለችው። «እናቴን አላለቀስኳትም። ከዛሬ ወዲያ ደጄን እንዳትረግጥ፤ በገብርኤል ገዝቼሃለሁ!»

በሩንም ዘጋችው።

ስድብ ቢሆን ይረሳ ነበር። ግዝት ግን ሌላ ነው፤ የገዘተው ሰው በገዛ አፉ «ፈትቼሃለሁ» እስኪል ድረስ ይዞ ይቆያል፤ እንግዳወርቅ ያደገው ይህን እየሰማ ነው፣ ያምንበታልም። የነፍስ አባቱ ዘንድ ሄደ። እሳቸውም «የገዘተችህ በሕይወት እያለች እኔ ቀድሜ ምን አገባኝ ልጄ? መጀመሪያ ሂድና እግሯ ላይ ውደቅ» አሉት። እግሯ ላይ ለመውደቅ ደግሞ ደጇን መርገጥ አለበት። ይህን ሲነግራቸው ጢማቸውን ዳሰሱ። ሽማግሌ ላከ። መጀመሪያ አልሰማም አለች፤ በሌላ ጊዜ ሻይ አጠጥታ ሸኘቻቸው፤ ዓመታት አልፈው በመጨረሻ ሲሄዱ «እስቲ ላስብበት» አለች። በዚያው ሳምንት ስትሮክ መታት፤ ቀኝ ጎኗንና አንደበቷን ይዞባት ሄደ። ምን አስባ እንደነበር ማንም ሊያውቅ አልቻለም።

ሳሌም እናቷን ለመጠበቅ ጠቅልላ እዚያው ቤት ስትገባ የመጀመሪያ ሥራዋ አጎቷን መጥራት ነበር። «ጋሼ፣ በቃ ይግቡ፣ እማዬ እኮ አሁን ምንም አትልም» አለችው። እሱን የጨነቀው ይኸው ምንም አለማለቷ ነው። መጣ፤ ደጃፉ ድረስ፤ ቆመ። ወንበሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚሠራበት ሱቅ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው፤ ባለቤቱ ሀቢብ ይባላል፣ ከሞሱል የመጣ ክርስቲያን ነው፣ ቁልፍ መሥራትን ለእንግዳወርቅ ያስተማረውም እሱ ነው። ሀቢብ እሑድ ስለሚሆነው ነገር ያውቃል፤ አይገባውም እንጂ። «በሩ ተቆልፏል?» ይለዋል። «የለም።» «ተዘግቷል?» «የለም።» «እንግዲያ ቁልፍ ሠሪ አይደለም የሚያስፈልግህ፣ ሐኪም ነው!»

አንድ ቅዳሜ ሀሴት ወደ ሱቁ መጣች። ሀሴት የእንግዳወርቅ አንድ ልጁ ናት፤ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ አማርኛዋ ይሰበራል እንጂ አታፍርም። ላፕቶፗን ቁልፍ መቅረጫው ማሽን አጠገብ ዘረጋችና «አባዬ፣ ዛሬ ኢንተርቪው ላደርግህ ነው» አለችው። ስለ ሴማውያን ቋንቋዎች ክላስ ወስዳ፣ አንድ የቃል ሥር መርጣችሁ ከጥንት እስከ ዛሬ ተከተሉት ተብለው ነበር። እሷ የመረጠችው ከዚሁ ሱቅ ነው።

«ሀቢብን ቁልፍ በዐረብኛ ምንድን ነው አልኩት፤ ሚፍታሕ አለኝ። ዕብራይስጡ ማፍቴያሕ ነው። እናቱ ቤት የሚያወሩት አራማይክ ደግሞ ክፍት የሆነ ነገርን ፕቲኻ ይላል፣ ሐውን ኻ አድርጎ። ሉክ፣ ሁሉም ውስጥ ያሉት ሦስት ፊደሎች ናቸው።» በማርከር ካርቶን ላይ ጻፈቻቸው፤ ፈ፣ ተ፣ ሐ። «አጥንቱ ይኸ ነው፣ ሌላው ልብስ ነው። የመጀመሪያው ፊደል ድሮ ፐ ነበር፤ አራማይክ ጠብቆታል፣ ዕብራይስጥም ከፈተ ሲል ፓታሕ ይላል፤ ዐረብኛና እኛ ፈ አደረግነው።»

ለሀቢብም በእንግሊዝኛ ደገመችለት፤ ሀቢብ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ካርቶኑን አየ። «መጀመሪያ የጻፍነው እኛ ነን» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«ትክክል ነው» አለች ሀሴት። «ከእነሱ አገር አፈር የወጡ የሸክላ ጽሑፎች አሉ፤ በዚያ ጥንታዊ ቋንቋ፣ በአካድኛ፣ መክፈት ፔቱ ነው። ግን እዚያ ሐ የለችም፣ ጠፍታለች። ኤንድ ጌስ ዋት አባዬ፣ አማርኛም ጥሏታል! ግዕዙ ፈትሐ፣ አማርኛው ፈታ። በሺህ ዓመታት የተራራቁ ሁለት ቋንቋዎች፣ ሳይተዋወቁ፣ ያንኑ አንድ ድምፅ ጣሉ።»

እንግዳወርቅ ደስ አለው። ልጁ በአማርኛ ይህን ያህል ስታወራ ሰምቶ አያውቅም። የያዘውን ቁልፍ አስቀምጦ ወደ ካርቶኑ ተጠጋ።

«አንድ ነገር ግን ገርሞኛል» አለች። «ሌሎቹ ጋ ሁሉ ዋናው ነገር በር ነው። በር መክፈት፣ ከተማ መክፈት፣ መጽሐፍ መክፈት። እኛ ግን በር አንፈታም አይደል? እንከፍታለን። ታዲያ ምንድን ነው የምንፈታው?»

«ገመድ» አለ እንግዳወርቅ። «ጫማ። እስረኛ። እንቆቅልሽ። ሕልም ይፈታል። ሚስት ትፈታለች…»

«እንደ እማዬ።»

«እናትሽን እኔ አልፈታኋትም፣ እሷ ናት የፈታችኝ» አለ ቶሎ ብሎ፤ ሀቢብም ሲተረጎምለት ከት ብሎ ሳቀ። እንግዳወርቅ ቀጠለ። «ዳኛ ሲፈርድ ፍትሕ ነው። ለሞተ ሰው የሚጸለየው ፍትሐት ይባላል። ቄስ ስናገኝም ይፍቱኝ እንላለን።»

«የመን የተገኙ የጥንት ድንጋዮች ላይም ይህ ሥር ለፍርድ ያገለግላል። ዕብራይስጥም ድሮ ሰንሰለት መፍታትን በዚሁ ሥር ይለው ነበር፣ ግን ዋናው በር ነው። እኛ ጋ በሩ የት ጠፋ?» አሰበች። «ቄሱን ይፍቱኝ የምትለው ምን አድርገህ ነው?»

«ምንም ባላደርግም እላለሁ። ሰው ሲኖር ይታሰራላ።»

«ሶ ቤዚካሊ፣ እነሱ ጋ ሰው በር ላይ ቆሟል፣ እኛ ጋ ታስሯል።» ይህን ስትተይብ እየሳቀች ነበር። «ሌላስ? ሌላ ምን ይፈታል?»

እንግዳወርቅ የቁልፍ ብናኝ ከጠረጴዛው ላይ በእጁ ጠረገ፣ መልሶም ጠረገ።

«ግዝት» አለ።

ሀሴት ቃሉን አታውቀውም። እሷ የምታውቀው አባቷና አክስቷ ድሮ እንደተጣሉ፣ አባቷም ውስጥ መግባት እንደማይመቸው ብቻ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሲነገራት የኖረው ይኸው ነው። ያን ቀን ሁሉንም ነገራት፤ ኦፕሬሽኑን፣ ሠርጉን፣ እስክስታውን፣ በሩ እንዴት እንደተዘጋ። እህቱ እንዲህ ሆና ሳለች፣ አንድ ጉርሻ እንኳ ሳያጎርሳት፣ ትራሷን ሳያስተካክል፣ እንደ እንግዳ ሰው በሩቅ እያያት ልትሞትበት መሆኗ ያንገበግበዋል። ቢገባ ደግሞ፣ እሷም ከነቂሟ ብትሞት፣ በግዝቷ ላይ ተራምዶ የገባ ወንድም ሆኖ ሊቀር ነው። እያደረ ሁለቱም እኩል ይከብዱታል።

«መናገር አትችልም እኮ አባዬ» አለች ሀሴት። «መናገር ካልቻለች መቼም አትፈታህም ማለት ነው። ዛትስ ኖት ፌር!»

«ፌር ነው አላልኩም።»

«ራሷን ትነቅንቅልሃ።»

«እሷ ለሁሉ ነገር ነው የምትነቀንቀው፣ የኔ ልጅ።»

ሀቢብ ሀሴት በእንግሊዝኛ ስታስረዳው ሰምቶ «የእኛ ይሻላል» አለ። «በር ከተከፈተ ተከፈተ ነው።» ግን እንደ ወትሮው አልሳቀም፤ ሻይ አምጥቶ ፊቱ አስቀመጠለት።

በማግስቱ ሀሴት አብራው ሲልቨር ስፕሪንግ ሄደች። እንግዳወርቅ ወንበሩን ዘረጋ። ሳሌም በሩን እንደ ልማዷ ወለል አድርጋ ከፈተችና «ደህና ዋሉ ጋሼ፣ ሻዩን ላምጣልዎት?» አለችው። ሀሴት ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ ገባች፤ ትብለጥ ቤት ምንጣፉን በጫማ የረገጠ ሰው ድሮም ወዮለት፣ እስከ ዛሬም ያው ነው። አክስቷን ስማ እግሯ ሥር ተቀመጠች፤ ከዚያ ማንም ሊያስቆማት ሳይችል ጠየቀች።

«አክስቴ፣ አባዬ ሁሉንም ነገረኝ። ግዝቱን ትፈቺለታለሽ?»

ትብለጥ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ሳሌም አፏን በእጇ ያዘች። ሀሴት ወደ ኮሪደሩ ዞራ «አየህ?» አለች። እንግዳወርቅ ግን ዐይኑን ወደ መሬት ሰበረ። መሰንበቻውን ውኃ ትጠጫለሽ ሲሏትም ትነቀንቃለች፤ አትጠጪም ሲሏትም ትነቀንቃለች። ቁልፍ የሚሠራ ሰው የተከፈተ የሚመስል በር አይበቃውም፤ እጀታውን አዙሮ ካላየ አያምንም።

«ሌላ ነገር ጠይቂያት» አላት።

ሀሴት ገባት፤ ፊቷም ከፋው። ቢሆንም ጠየቀች። «አክስቴ፣ እኔ ዛሬ ጨረቃ ላይ ልሂድ?»

ትብለጥ በአዎንታ ነቀነቀች።

ሳሌምን ሳቅ አመለጣት፣ ወዲያው ወደ ለቅሶ ተለወጠባት። እንግዳወርቅ እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል አድርጎ አቀረቀረ።

ትብለጥ ሁሉንም አየች። የልጇን እንባ፣ የሀሴትን ድንጋጤ፣ የወንድሟን ማቀርቀር። የደረሰባት ነገር ያን ጊዜ ሳይገባት አልቀረም፤ ራስ መነቅነቋ እንኳ እንደማይታመን፣ እሺታዋ ዋጋ እንዳጣ። ፊቷ በንዴት ቀላ። በግራ እጇ የዊልቸሩን ክንድ ደበደበች። ሳሌም ሽንት ቤት መስሏት ወደ ውስጥ ልታዞራት ስትል ባሰባት፤ ጣቷን ወደ በሩ ቀሰረች፣ ወደ ውጭ፣ ወደ እሱ።

«ወደ ጋሼ? ልውሰድሽ?»

እንደገና ደበደበች። ሳሌም ገፋቻት። የዊልቸሩ የፊት ጎማ የደጃፉን ብረት ሲነካ ነጥሮ ቆመ፤ እሱም ከወንበሩ ብድግ አለ። ትብለጥ በእጇ ተቀመጥ አለችው። ድሮ ፀጉሩን ስትላጨው ተቀመጥ የምትለው እንዲሁ ነበር። ተቀመጠ።

ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው፣ ስንት ዓመት በሩቅ ያየውን ፊቷን በቅርብ አየው። እርጅናዋ ከኮሪደሩ ሆኖ የገመተውን አይመስልም፣ ይበልጣል። እጇን ሊስም ሲያጎነብስ ገፋችው። ወደ እግሩ እያየች ነበር። ከዚያ ጎንበስ አለች፤ ሳሌም «ትወድቂያለሽ እማዬ!» ብላ ከኋላ ወገቧን ያዘች። በግራ እጇ የሥራ ጫማውን ማሰሪያ ጨብጣ ጎተተች። አልተፈታም። እሱ ዛሬም ሲያስር አጥብቆ፣ ደራርቦ፣ ማንም እንዳይነካው አድርጎ ነው።

«ተዪው እትዬ» አለ፤ አልሰማችውም።

በጥፍሯ ፈለቀቀች። ጣቷ አመለጣት፤ እንደገና ያዘች። ከአፏ አንዳች ድምፅ ወጣ፣ ቃል ያልሆነ፣ ግን እሱ የሚያውቀው፣ ድሮ ተንበርክካ የምትራገመው እርግማን። እንግዳወርቅ እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። ሊረዳት እጁን አልዘረጋም። ማሰሪያው ተፈታ። ጫማውን ተረከዙን ይዛ አወለቀችውና ከሀሴት ጫማ አጠገብ፣ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ካልሲ ብቻ የቀረውን እግሩን ይዛ ወደ ምንጣፉ ገፋችው። ተረከዙ የደጃፉን ብረት አልፎ ውስጥ አረፈ።

ወደ ሁለተኛው ጫማ ዞረች፤ ያንንም ጀመረችው። ግን ጉልበቷ አልቆ ነበር። ግንባሯን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች፤ ትንፋሿ እየረዘመ ሄደና፣ ጣቶቿ ቋጠሮው ላይ እንዳሉ፣ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሳሌም ልታነሣት ጠጋ ስትል እሱ በእጁ ቆይ አላት። አሳንሰሩ ተከፈተ፤ የሕንፃው ኃላፊ ብቅ ብሎ አንድ እግሩ ቤት ውስጥ፣ አንድ እግሩ ኮሪደር ላይ የሆነውን ሰውዬ አየና እንደ ልማዱ ሊናገር አፉን ከፈተ። እንግዳወርቅ ይህን ጊዜ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ እሽ አለው። ከዚያም እስክትነቃ ድረስ፣ ያልተፈታውን እግሩን ሳያንቀሳቅስ ተቀመጠ።